የአንባቢያን ጥያቄ፦ ድራማው በየሳምንቱ እንዲደርስ የሚያደርገው ማነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አያት ነው። ሰፈራችን ውስጥ በኪራይ ቪላ አንድ ተከታታይ ድራማ ይቀረጻል። ወጪ መዝጋቢ ሆኜ ነው የገባሁት፤ አሁን ረዳት ፕሮዲውሰር ሁኚ ተብያለሁ። ቤተሰቦቼ ግን “ፕሮዲውሰር እኮ ብር ያለው ሰው ነው፣ አንቺ ምን ይዘሽ ነው?” ይሉኛል። ድራማው ገና ብዙ ይቀጥላል እየተባለ ነው። ሥራው በትክክል ምንድነው? ልግባበት?

መልስ፦ ግቢበት እህቴ። ግን ሥራውን አውቀሽ ግቢ።

ቤተሰቦችሽ ከመሬት ተነስተው አይደለም እንደዚያ ያሉት። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ፕሮዲውሰር የሚባለው ብሩን ያወጣው ሰው ነው፤ ስፖንሰር የሚያፈላልገውም፣ ከጣቢያው ጋር የሚዋዋለውም እሱ ነው። ረጅም ድራማ ላይ ግን ከብሩ እኩል የሚያስጨንቅ ሌላ ነገር አለ። ፊልም አንዴ ተሠርቶ ያልቃል። ድራማ ግን ተዋናይ ታመመ፣ መብራት ጠፋ፣ ደራሲው ዘገየ አይልም፣ ቀኑ ሲደርስ ክፍሉ መድረስ አለበት። ስለዚህ ጠዋት ስትነሺ የምታውቂው አንድ ቁጥር ይኑርሽ፦ ኤዲት ተደርጎ ያለቀ ስንት ክፍል በእጃችን አለ? ከዚያ ቀጥሎ፣ ተጽፎ የጸደቀ ስንት ስክሪፕት አለ?

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። የእንግሊዙ ቢቢሲ ኢስትኤንደርስ የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተላልፋል። በ2020 ማርች ላይ በኮሮና ምክንያት ቀረጻ ሲቆም፣ በሳምንት አራት ጊዜ ይተላለፍ የነበረውን ወደ ሁለት ቀነሱት፤ በእጃቸው ያለውን ለማቆየት ነው። እንደዚያም ተቆጥቦ ጁን 16 ላይ አለቀና ድራማው እስከ ሴፕቴምበር ተቋረጠ። ያ ሁሉ ተመልካችና ያ ሁሉ አቅም ኖሮ ማለት ነው። የእኛ ተመልካች ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ በየቀኑ ማየት ለምዷል። በሳምንት አንዴ የምንመጣ ሰዎች አንዱን ሳምንት ከዘለልን፣ ተመልካቹን መልሶ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ አያት እንምጣ። ከከተማው ዳር መቅረጽ ደስ ይላል፤ ግቢው ይሰፋል፣ መኪና ማቆሚያ አይቸግርም። ግን እነ አያት፣ እነ ለገጣፎ፣ እነ ኮዬ ፈጬ ዛሬ ያየሻቸውን ከወራት በኋላ አታገኛቸውም። ገጸ ባህሪዋ በረንዳ ላይ ቆማ ስታለቅስ ከኋላዋ ባዶ ሜዳ ነበር፤ የዚያው ምሽት ቀጣይ ትዕይንት ሌላ ጊዜ ሲቀረጽ ጎረቤት ሁለተኛ ፎቁን ሞልቶ ቁጭ ብሏል። ተመልካች ይህን አይስትም። እንግሊዞቹ ችግሩን የፈቱት ሰፈሩን ራሳቸው ገንብተው ነው፤ ኢስትኤንደርስም ሆነ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታየው ሌላው ድራማቸው ኮሮኔሽን ስትሪት መንገዱና ቤቱ ለቀረጻ ተብሎ የተሠራ ነው። የሰው ቤት የምንከራይ እኛ ያለን አማራጭ የአንድን ቦታ የውጭ ትዕይንቶች ከብዙ ክፍሎች ለቅሞ ባንድ ሰሞን ቀርጾ መጨረስ ነው። ይህን ፕሮግራም የምታወጪው ደግሞ አንቺ ነሽ። ስክሪፕት ቀድሞ ካልደረሰሽ ግን አትችዪም፣ ደራሲዎቹን ከአሁኑ ያዢያቸው።

ክረምትም አለ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅ መቅዳት አይታሰብም። ጄኔሬተሩም ሌላ ጣጣ ነው፤ ረጅም ገመድ ግዙና ከቤቱ ይራቅ። ሰኔ ሳይገባ ያለቁ ክፍሎችሽን አብዢ።

ጾሙን እንዳትረሺ። የፋሲካ ክፍል የሚቀረጸው በዐቢይ ጾም ነው። ትዕይንቱ ዶሮ ወጥ ይላል፣ ተዋናይዋ ትጾማለች። ማስገደድ ነውር ነው። ቀድመሽ ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋገሪ፤ ሰሃኑ ላይ የጾም ወጥ ማቅረብም፣ ካሜራውን ፊቷ ላይ ማድረግም ይቻላል። ካሜራው ተነስቶ ሁሉም ቆሞ ሳለ መከራከር ግን የቀኑን ቀረጻ ይበላል።

ከሁሉም የሚከብደው ሰው ነው። ዋና ተዋናይ መሃል ላይ ጥሎ ሲሄድ ገጸ ባህሪውን ውጭ አገር እንልካለን ወይም በመኪና አደጋ እንገድላለን፤ ተመልካች ይህን እስኪሰለች አይቶታል። ኮሮኔሽን ስትሪት ላይ ዊልያም ሮች ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ አንድ ገጸ ባህሪ እየተጫወተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቷል። እኔ እንደማምነው ሰው ሥራ ላይ የሚቆየው ክፍያው በቀኑ ሲደርሰው፣ የቀረጻ ቀኑን አስቀድሞ ሲያውቅና ሲከበር ነው። ይህ ለዋናዎቹ ብቻ አይደለም። የመብራት ሠራተኛው ሒሳብ ሲዘገይ ዝም አትበይ። ሜካፕ የምትሠራዋን ልጅ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከአያት ጀሞ ድረስ ታክሲ ፈልጊ ማለት ጭካኔ ነው፤ የሠራተኛ ማመላለሻ መኪና በጀቱ ውስጥ መጀመሪያ ይግባ፣ ሌላው ይቀነስ። አንቺ ወጪ ስትመዘግቢ ስለቆየሽ ብሩ የት እንደሚፈስ ታውቂያለሽ። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምኖር እናት ነኝ። ቤትዎን ለድራማ ቀረጻ ያከራዩን ብለውኛል። ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እትዬ፣ ይስጡ፤ ግን ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን። የትኞቹ የቤቱ ክፍሎች? ስንት ቀን? ማታ በስንት ሰዓት ይወጣሉ? መብራት በማን ሒሳብ? ግድግዳ ቢቆሽሽ ማን ያስቀባል? ሳይገቡ በፊት ልጆችዎ ቤቱን ፎቶ ያንሱት።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። ድራማው ከቀጠለ ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም፣ ያኔ ቤቱ እንደነበረ መገኘት አለበት። በሩን ቀለም አይቀቡ፣ ዛፉን አይቁረጡ ማለታቸው ነው። እንዲህ የሚጠብቁበት ጊዜ ዋጋ ስላለው ከቀረጻው ቀን ተለይቶ ይከፈልዎት። ጎረቤት ልቅሶ ከገባ ቀረጻው በዚያ ቀን እንደሚቆምም ውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ድንኳን ተጥሎ ሳለ “አክሽን!” የሚል ሰው በግቢዎ እንዳይኖር።