ስድስት ዓመት ከአንድ ጊታር ጋር፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ጊታር እመታለሁ። ያማሃ ፓሲፊካ 112 ቪ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር ከገዛሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ርካሽ አይባልም፤ ውድም አይባልም። መሐል ላይ ያለ ዕቃ ነው። ባለፈው ሳምንት «ስለ ጊታሩ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዋጋ ግን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ከርሞ መሳቂያ ያደርገኛል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልቀየሩት ወደውት ነው ወይስ ገንዘብ አጥተው?

ሁለቱም አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ልሸጠው ነበር። ክሩ ከቅኝት ይወጣል፤ ድምፁ ይቀጥናል፤ ጣቴን ያመኛል። በኋላ ሳየው ካማረርኩባቸው ነገሮች አብዛኞቹ የጊታሩ ጥፋት አልነበሩም። ክሩ ያረጀ ነበር። ብሪጁም፣ ማለትም ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት፣ ተስተካክሎ አያውቅም።

አሁን የምወድለትን ልንገርህ። አካሉ አልደር የሚባል እንጨት ነው፤ አንገቱ ሜፕል። 22 ፍሬት አለው፤ አንገቱ ላይ የተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች ማለት ነው። ብሪጁ አጠገብ ወፍራሙ ፒካፕ (የክሩን ድምፅ የሚለቅመው ዕቃ)፣ ማለትም ሀምበከሩ፣ ተቀምጧል። መሐልና አንገቱ ጋ ቀጫጭኖቹ ሲንግል ኮይሎች አሉ። የቶን ቁልፉን (ድምፁን የሚያደምቀውንና የሚያደበዝዘውን) ወደ ላይ ስትስበው ሀምበከሩ ግማሹ ይጠፋና እንደ ሲንግል ኮይል ይጮኻል። በአንድ ጊታር ሁለት ዓይነት ጠባይ ማለት ነው። ሰርግ ላይ ሁለት ጊታር ተሸክሞ የሚዞር ማን አለ?

የማልወደው ደግሞ ያንኑ ቁልፍ ነው። እጅ ካላበ ያንሸራትታል። ዘፋኙ ገብቶ እኔ ቁልፍ ስጎትት የቀረሁበት ቀን አለ።

ከዳንግላ፦ ያማሃ፣ ስኳየር ወይስ ኤፒፎን? የትኛውን ልግዛ?

በዚህ ዋጋ አካባቢ ሦስቱም ያዋጣሉ። ስኳየር የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የፌንደር ታናሽ ወንድም ነው፤ ስትራቶካስተር የሚባለውን ሞዴል ከወሰድክ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሲንግል ኮይል ታገኛለህ፤ ጥርት ያለ ድምፅ። የኤፒፎን ሌስ ፖል ሁለት ሀምበከር አለው፤ ድምፁ ወፈር ይላል። ዕቃውም ከበድ ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ የምትጫወት ከሆነ ትከሻህ ይመሰክራል። ያማሃው መሐላቸው ነው። ለጀማሪም፣ ሁሉንም ዓይነት ለሚጫወትም እሱን እመክራለሁ። ግን ሱቅ ሄደህ በእጅህ የያዝከው አንገት ከጣፈጠህ ምክሬን ተወው።

ከቡሬ፦ ጊታሩ ራሱ መብራት ይፈልጋል? እኛ ጋ መብራት ይመጣል ይሄዳል።

በዚህ ጥያቄ የሳቃችሁ ካላችሁ አትሳቁ። እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ይህ ጊታር መብራት አይፈልግም፤ ባትሪም የለውም። ፒካፑ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያንን የሚያጎላው አምፕሊፋየሩ ነው። መብራት የሚፈልገው እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ጊታሩን እንዲሁ በባዶው ተለማመድ፤ ለራስህ ጆሮ ይበቃል። ጎረቤትም አይነጫነጭም። ገንዘብ ካለህ በባትሪ የሚሠራ፣ የጊታሩ ገመድ መሰኪያ ላይ የሚሰካ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ አለ።

ከሞጣ፦ አጎቴ ከአሜሪካ አምፕ ይዞልኝ ሊመጣ ነው። ሌላ ምን ላስመጣ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደውለህ የአምፑን ጀርባ ያንብብልህ! የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። ለ120 ብቻ የተሠራ ከሆነ እኛ ጋ በሰካህበት ቅጽበት ይቃጠላል። ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ካልገዛህ በቀር። ከ100 እስከ 240 የሚል አስማሚ ካለው ችግር የለም። አጎትህ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለው ከአምፑ ይልቅ አሥር ፓኬት ክር ያምጣልህ። ውፍረቱ 09 ወይም 10 ተብሎ የሚጠራው ይሁን። አምፕ አዲስ አበባም ይገኛል፤ ጥሩ ክር ግን ስትፈልገው ነው የሚጠፋው።

ከባሕር ዳር፦ በቃኘሁ በአሥር ደቂቃው ይወጣል። ክሩም ቶሎ ይዝጋል። ጊታሩ ብልሹ ነው?

አይመስለኝም። በቅደም ተከተል ሞክር። ክሩ አዲስ ከሆነ ገና እየተለጠጠ ነው፤ ከቃኘኸው በኋላ በእጅህ ቀስ አድርገህ ሳበው፣ እንደገና ቃኝ፣ እንደገና ሳብ። ሦስት አራቴ ስታደርገው ይረጋል። የመቃኛው ቁልፍ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ይጠምጠም፤ አሥር ዙር የጠመጠመ ሰው አይቻለሁ። ከዚያ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባቸውን ስንጥቆች እይ። ስትቃኝ «ጢክ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ እዚያ እየተያዘ ነው። እርሳስ ቅረጽና ስንጥቁን በጫፉ ቀባ ቀባ አድርገው። የተማሪ እርሳስ! ሌላ ቅባት አያስፈልግም።

አራተኛው ትሬሞሎው ነው፤ ብሪጁን በእጀታ የሚወዘውዘው ማለት ነው። ከጊታሩ ጀርባ ክዳኑን ስትከፍት ስፕሪንጎች ታያለህ። የሚወዘወዘውን እጀታ የማትጠቀምበት ከሆነ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አጥብቅ፤ ብሪጁ አካሉ ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛ። እኔ እጀታውን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከጣልኩት አምስት ዓመት ሆነው። ብሪጁ ከተኛ በኋላ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌሎቹ እንዳለ ከቅኝት አይወጡም።

ስለ ዝገቱ፣ የሐይቅ ዳር ሰው ነህ፤ ተጫውተህ ስትጨርስ ክሩን ከላይም ከታችም በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። አዲስ ጫማ ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣላት፤ የጊታሩ ቦርሳ ውስጥ ክተታት።

ከደብረ ማርቆስ፣ አንዲት ተማሪ፦ ጋሼ፣ የኔ ጊታር ሳልነካው «እምምም» ይላል። ምንድን ነው?

እህቴ፣ እሱ የመብራቱ ድምፅ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሲንግል ኮይል ፒካፕ ደግሞ እንደ አንቴና ያንን ይለቅማል። ወደ ሀምበከሩ ስትቀይሪው ዝም ይላል። ሀምበከር በተቃራኒ የተያያዙ ሁለት ጥቅልሎች ስላሉት ጩኸቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከቻርጀርና ከዲመር (ብርሃኑ ከሚቀነስና ከሚጨመር) መብራት ራቂ። ፊትሽንም ዞር አድርገሽ ሞክሪ፤ ቀልድ አይደለም፣ አቅጣጫ ይለውጠዋል።

አንድ ነገር ግን በጣም ልብ በይ። ክሩን ይዘሽ ማይክ ከንፈርሽን ከነዘረሽ ወዲያው አቁሚ። ያ ማለት የአንዱ ዕቃ የመሬት መስመር የለም ማለት ነው። እኔ አንድ ሰርግ ላይ፣ ዳስ ውስጥ፣ በጄኔሬተር እየሠራን ማይኩ ከንፈሬን ጠብሶኛል። ኤሌክትሪክ የዘረጋው ሰው «ትንሽ ነው፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። አልለመድኩትም። ሦስተኛዋን የሶኬት እግር የሚቆርጥ ሰው ካለ ከዕቃሽ አርቂው።

ከእንጅባራ፦ እኛ ጋ ብርዱም ዝናቡም የጉድ ነው። አንገቱ ይጣመማል ይባላል።

እንጨት ስለሆነ ከክረምት ወደ በጋ ይንቀሳቀሳል። ለዚያ ነው አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ያለው። አንዱን ክር መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫነውና ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት እይ። ሁለት ሦስት የደብተር ወረቀት ተደራርቦ ካለፈ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ የዘንጉን ቁልፍ ወደ ቀኝ አዙር፣ ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ወደ ግራ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ፤ ከዚያ ቃኝተህ እንደገና እይ። እምቢ ካለህ አታስገድደው። በበጋ የፍሬቱ ጫፎች እጅህን ከቧጨሩህ ደግሞ እንጨቱ ደርቆ ትንሽ ስለተኮማተረ ነው፤ ብረቱ አላደገም።

ከባሕር ዳር፣ ሌላ ጠያቂ፦ በዚህ ጊታር አምባሰልና አንቺሆዬ በደንብ ይወጣል? ወይስ ለፈረንጅ ዘፈን ብቻ ነው?

ስጠብቀው የነበረው ይህን ጥያቄ ነው።

ክራር ከቅኝት ወደ ቅኝት ስትሄድ እንደገና ይቃኛል። ጊታር ግን እንደተቃኘ ይቆያል፤ የሚቀየረው የጣትህ መንገድ ነው። አንድ ክር ብቻ ያዝና ባዶውን 0 ብለህ ፍሬት ቁጠር። ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው። ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8። ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ ማይነሩ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። 12 ላይ ስትደርስ መነሻህ ከፍ ብሎ ይደገማል።

አሁን አንድ ምስጢር። ከላ ተነስተህ ትዝታ ማይነር ብትጫወት ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይሆናል። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ያዝና ማረፊያህን ሚ አድርገው። አምባሰል ውስጥ ገባህ። አንድም ድምፅ አልጨመርክም፤ ቤትህን ብቻ ነው የቀየርከው። ይህን ሳውቅ አንድ ሌሊት አልተኛሁም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ፍሬት አንዱን ኦክታቭ (ከመነሻው እስከ መደገሚያው ያለውን) በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። ማሲንቆ ደግሞ ፍሬት የለውም፤ ጣት የጭራውን ክር የሚነካበት ቦታ ሁሉ ድምፅ ነው። እዚሁ ከተማ አንድ አዝማሪ አጠገብ ተቀምጬ አብሬው ልሞክር ብዬ ነበር። ትንሽ ሰማኝና «ያንተ ደረጃ ነው፤ የኔ ቁልቁለት ነው» አለኝ። ያኔ ተናድጃለሁ። ልክ ነበር። በተለይ አንቺሆዬ ላይ የኔ ድምፅ ቆርቆሮ መሰለ።

መፍትሔው ከግራ እጅህ ነው የሚመጣው። ክሩን ከረገጥክ በኋላ ትንሽ ግፋው፤ ሙሉ ድምፅ አይደለም፣ ቅንጣት የምታክል። ወደ ድምፁ በቀጥታ አትግባ፤ ከታች ተንሸራተህ ድረስ። እዚህ ላይ ነው ኤሌክትሪክ ጊታር ከአኮስቲክ የሚበልጠው። ክሩ ቀጭን ነው፤ 09 ከሆነ በአንድ ጣት ይገፋል። ኪቦርዱ ሰርግ ላይ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ዋሽንቱንም ወስዶብናል። ቁልፉን ተጭኖ ክር እንደሚገፋ ጣት ድምፁን ማጣመም ግን ለኪቦርድ ተጫዋች ቀላል አይደለም። እኔ ሰርግ ላይ የሚከፈለኝ ለዚያች ነገር ይመስለኛል።

ለክራር የሚቀርብ ድምፅ ከፈለግህ የቶን ቁልፉን ሳብ፣ ብሪጁ አጠገብ ምታ፣ የመዳፍህን ጠርዝ ክሩ ላይ ጣል አድርግ። ለትዝታ ደግሞ አንገቱ ጋ ያለውን ፒካፕ፣ ቶኑን ግማሽ ቀንሰህ።

ከመራዊ፦ የማንን አጨዋወት ልስማ?

የሮሃ ባንዱን ሰላም ሥዩምን። ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ የሚሠራትን ስማ፤ አይጮኽም፣ ግን ብታወጣው ዘፈኑ ይጎድላል። ግሩም መዝሙርንም ስማ። ከዚያ ጊታሩን አስቀምጠህ ማሲንቆ ስማ።

ከደጀን፦ ግራኝ ነኝ። ችግር አለው?

ፓሲፊካ ለግራኝ የተሠራ አለው፤ ማግኘቱ ነው ችግሩ። ገና ጀማሪ ከሆንክ በቀኝ ተማር። ሁለቱም እጆችህ ያው አዲስ ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እንዴት አመጡት?

በስህተት። ረዳቱ «ላይ ይጫናል» አለ፤ እኔም እሺ አልኩ። ቦርሳው ስስ ነበር። ዓባይ በረሃን በዚያ ፀሐይ ስንሻገር እንደ ምጣድ ግሎ ነበር መሰለኝ፤ ማርቆስ ስከፍተው ክሮቹ ሁሉ ረግበው ከቅኝት ወጥተዋል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። ጥግ ላይ ቀለሙም ተልጧል፤ ዛሬም አለ። አሁን ሁለት ወንበር እከፍላለሁ። ሰው «ለእንጨት ትከፍላለህ?» ይለኛል። አዎ፣ እከፍላለሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲገፉት ፍሬቱ አላለቀም?

አልቋል እንጂ። አምስተኛውና ሰባተኛው ፍሬት ላይ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክር ሥር፣ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ ወጥቷል። ትዝታ የምጫወተው እዚያ ነው። በሞረድ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልገዋል። እዚህ የማምነው አላገኘሁም። ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ስወርድ ይዤው እሄዳለሁ፤ እስከዚያው ዘፋኙን ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርግልኝ እያልኩ ሰባተኛውን ፍሬት እሸሻለሁ። እሱ ለጉሮሮው ብዬ የምለው ይመስለዋል።