ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቂ

ሰላም እህቴ። «መጻፍ የምችለው ስሜቱ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ስለተቸገረ ሰው ስጽፍ ደግሞ ገበናውን አደባባይ ያወጣሁ ይመስለኛል» ብለሻል። ሁለተኛውን በመጨነቅሽ ደስ ብሎኛል። የሚራራ ልብ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚጨነቀው።

እኔ የምኖረው ጅማ ነው። እዚህ በቡና ለቀማ ሰሞን ፍሬው ሁሉ አንዴ አይቀላም። ለቃሚዋ ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግማ ትመለሳለች። የቀላውን ትለቅማለች፣ አረንጓዴውን ትተወዋለች። ጽሑፍንም እንደዚያ ነው የያዝኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ፤ ባያምርም እጽፋለሁ። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ስሜቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው መስመር በኋላ ነው።

ስለ ገበናው ደግሞ አንድ ነገር ላጫውትሽ። አዌቱ ወንዝ አካባቢ በቆሎ ስለምትጠብስ እናት ጽፌ ነበር። መጀመሪያ «ምስኪን» ነበር ያልኳት። በማግስቱ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያረረውን ለራሷ እያስቀረች ደህና ደህናውን ለገዢ ትሰጣለች። የእኔን ልቀበል እጄን ስዘረጋ «ቆይ፣ ያቃጥልሃል» ብላ በበቆሎው ቅጠል ጠቀለለችልኝ። ቤት ገብቼ «ምስኪን» የሚለውን ሰረዝኩት፤ ቅጠሉን ጻፍኩ። በኋላ አነበብኩላት። «የልጄን ስም አውጣው» አለችኝ፤ ወዲያው አወጣሁት። አንቺም ስምና ሰፈር ቀይሪ፤ ከቻልሽም ለባለታሪኩ አንብቢለት። እንቢ ካለ ይቅር፣ ሌላ ታሪክ አይጠፋም።

ነገ ጠዋት የምትወጃትን የአንዲት ሴት እጅ ብቻ በአምስት መስመር ጻፊ። ላኪልኝ፣ በደስታ አነበዋለሁ።