ደም ማቅጠኛው ለምን ታዘዘ?

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ምታቸው የተዛባ በመሆኑ ዋርፋሪን ታዘዘላቸው፤ ምቱ ግን አልተስተካከለም። ጎመንስ ይተዉ?

መልስ፦ ዋርፋሪን የሚሰጠው ምቱን ለማስተካከል ሳይሆን፣ የልብ የላይኛው ክፍሎች በወጉ መኮማተር ትተው ሲርገበገቡ በውስጣቸው የሚቆየው ደም እንዳይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ እንዳያስከትል ነው። ፍጥነቱን የሚያረጋጉት እንደ ሜቶፕሮሎልና ዲጎክሲን ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል የተባለውን የልብ በር አጥብቦት ከሆነ ደግሞ፣ ከአዲሶቹ ማቅጠኛዎች ይልቅ ዋርፋሪን ይመረጣል፤ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት፣ ማለትም አይ ኤን አር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል።

ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ ሆኖም መተው አያስፈልግም። ችግር የሚሆነው በፍስክ ሳይቀምሱት ከርመው በጾም በየቀኑ መመገብ ነውና፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ።