ተአምሩ አለ፤ ባለቤቱ ግን ማን ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬው ዓምድ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ ነው። አብዛኛው ሰው በቴሌቪዥን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በሚለው ስም ስለሚያውቀው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ ልቦለድ የደረሱኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል፤ የሚበዙትም ስለ አማልክቱና ስለ አስማቱ ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1996፣ አምስተኛው በ2011 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ስድስተኛው እስካሁን ስላልወጣ ክፍተቱን የሞላው የአንባቢው መላምት ነው። መልሶቼ የተመሠረቱት በመጽሐፎቹ ላይ ነው። የታሪኩ ምሥጢር አስቀድሞ እንዲገለጥባችሁ የማትፈልጉ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታሪኩ በሚካሄድበት በዌስተሮስ ምድርና በዙሪያው የሚመለኩት አማልክት ብዙ ናቸው። ሰሜኖቹ የጥንቶቹን አማልክት፣ ደቡቦቹ ሰባቱን፣ ቀይዋ ሴት ሜሊሳንድሬ የብርሃን ጌታን፣ የደሴቶቹ ሰዎች የሰጠመውን አምላክ ያመልካሉ። ለመሆኑ እውነተኛው የትኛው ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደራሲው ስለዚህ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ግልጽ ነው፤ አምላክ ከሰማይ ወርዶ የታሪኩን ፍጻሜ አይወስንም። በእምነቶቹና ሰዎቹ በያዙት አስማት መካከል ያለውን ዝምድና ፈልፍሎ ማውጣት የአንባቢው ድርሻ ነው። እኔም ይህን ድርሻ በደስታ እቀበላለሁ። ሥራው የሚጀምረው ግን የሆነውን ነገር ከተርጓሚው በመለየት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተአምራቱ አይካዱም፤ ሙት ይነሣል፣ ጥላ ሰው ይገድላል፣ ዛፍ ያያል። «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ብሎ በአደባባይ የሚናገር አምላክ ግን የለም። በስሙ የሚናገሩለት አገልጋዮቹ ናቸው።

የሦስቱን አልቅቶች ነገር ተመልከቱ። በሦስተኛው መጽሐፍ ሜሊሳንድሬ የንጉሥ ዘር ከሆነ ልጅ ደም የጠጡ ሦስት አልቅቶች ታስመጣለች። እሷ የምታገለግለው የዙፋን ተፎካካሪ ስታኒስ አንድ በአንድ እሳት ውስጥ እየጣለ የሦስት ተቀናቃኝ ነገሥታት ስም ይጠራል፤ ጆፍሪ፣ ቤሎን፣ ሮብ። መጽሐፉ ሳያልቅ ሦስቱም ሞተዋል። በመጀመሪያው ንባብ ሰውነትን የሚያስደነግጥ ነገር ነው። አሁን እያንዳንዱን ሞት ወደ ኋላ ተከትላችሁ ሂዱ። ሮብን የገደሉት ለእሱ መሐላ የገቡ ሹማምንት ናቸው፤ ሴራውም በደብዳቤ የተጎነጎነ ነው። ጆፍሪ በገዛ ሠርጉ ላይ በሰው እጅ በተቀመመ መርዝ ሞተ። ቤሎን በማዕበል ሌሊት ከድልድይ ወደቀ ተባለ፤ ነገር ግን አንዲት ባለ ራእይ አሮጊት በሚወዛወዝ ድልድይ ላይ ፊት የሌለው ሰው ቆሞ ሲጠብቅ በሕልሟ አይታለች። ከሦስቱም ሞት ጀርባ ሰው አለ።

ታዲያ እሳቱ ምን ሠራ? እንደ እኔ እምነት ሜሊሳንድሬ ሞታቸውን አስቀድማ በነበልባሉ ውስጥ አይታ፣ ያየችውን የራሷ ሥራ አስመስላ አቀረበችው። በአምስተኛው መጽሐፍ ታሪኩ በእሷ ዓይን የሚተረክበት አንድ ምዕራፍ አለ፤ እዚያ እሳቱን ለማድመቅ ዱቄት እንደምትጠቀምና ኃይሏ ካለው በላይ ሆኖ እንዲታይ እንደምትጥር ራሷ ታስበዋለች። ራእይዋ ግን ውሸት አይደለም። ግራጫ ልብስ የለበሰች ልጅ በሚሞት ፈረስ ላይ ሆና ስትሸሽ አየች፤ ልጅቷም መጣች። ሜሊሳንድሬ የሮብ እኅት አርያ ስታርክ ናት ብላ ነበር፤ የመጣችው አሊስ ካርስታርክ ሆነች። ምስሉ ትክክል፣ ትርጉሙ ስሕተት። አንድ ሰው ስለ ብርሃን ጌታ መላምት ሲያቀርብልኝ በቅድሚያ የምመልሰው ወደዚህ ምዕራፍ ነው።

ጥያቄ፦ አስማት ወደ ዓለም የተመለሰው የስደተኛዋ ልዕልት የዴኔሪስ ዘንዶዎች ስለተፈለፈሉ ነው የሚለውን መላምት ይቀበሉታል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ግማሹን እቀበላለሁ። ማስረጃው ቀላል አይደለም። በሁለተኛው መጽሐፍ አረንጓዴውን እሳት የሚቀምሙት ባለሙያዎች ሥራቸው ከድሮው ይልቅ እንደቀናላቸው ለንጉሡ እንደራሴ ለቲሪዮን ይነግሩታል፤ ዋናቸውም ዘንዶ በዓለም ላይ እንዳለ ሰምቶ እንደሆነ ይጠይቀዋል። በቃርት ከተማ ከስድስት ወር በፊት እሳት ማስነሣት የሚያቅተው የመንገድ አስማተኛ አሁን በእሳት መሰላል ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ጭምብል የለበሰችው ኳይዝም ምክንያቱ ዴኔሪስ እንደሆነች ትነግራታለች። በአራተኛው መጽሐፍ ደግሞ ሜስተር በሚባሉት ሊቃውንት ከተማ ለዘመናት ጠፍቶ የኖረው የጥቁር መስታወት ሻማ ሲበራ ለትምህርት የመጣው ሳምዌል በዓይኑ ያየዋል። ሦስቱም ቦታዎች እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ሦስቱም ወደ አንድ ጊዜ ያመለክታሉ።

እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያውን መጽሐፍ መግቢያ ክፈቱ። ዘንዶዎቹ ከመፈልፈላቸው ከረጅም ጊዜ በፊት፣ በዚያ በበረዶው ጫካ፣ ነጫጮቹ ፍጡራን ሰው ገድለው ሬሳውን አስነሥተዋል። ባላባቱ ቤሪክ ዶንዳሪዮንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቶ የተነሣው ንጉሥ ሮበርት በሞተበት ሰሞን ነው፤ ያኔ የዘንዶዎቹ እንቁላሎች ገና ድንጋይ ነበሩ። ስለዚህ ዘንዶዎቹ የኃይሉ ምንጭ ከመሆን ይልቅ ኃይሉ በመነሣቱ የተፈለፈሉ፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ያባባሱት ይመስለኛል። የሞላ ወንዝ ግድቡን ይሰብራል፤ ግድቡ ሲሰበር ደግሞ ጎርፉ ይብሳል።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው ሌላው መላምት ሊቃውንቱ ዘንዶዎቹን ሆን ብለው አጥፍተዋል የሚለው ነው። መነሻው ከሊቃውንቱ አንዱ የሆነው ማርዊን ለሳምዌል የሚናገረው ንግግር ነው፤ ሊቃውንቱ የሚገነቡት ዓለም ለጥንቆላም ለትንቢትም ቦታ የለውም ይለዋል። ማርዊን ግን ከባልደረቦቹ ጋር የተጣላ ሰው ነው። ምስክርነቱን እንሰማለን፤ ብቻውን ግን ለፍርድ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ሰካራሙ የብርሃን ጌታ ቄስ ቶሮስ ሙት ማስነሣት የቻለው እንዴት ነው? ከእሱ የተሻለ አማኝ ጠፍቶ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የጥያቄዎ ጥንካሬ ያለው «ከእሱ የተሻለ አማኝ» በሚለው ላይ ነው። ቶሮስ እሳት ወዳዱን ንጉሥ ኤሪስን እንዲያሳምን የተላከ ቄስ ነበር፤ ያላሳመነውም ሳይበቃ የሮበርት የመጠጥ ጓደኛ ሆኖ ቀረ። ቤሪክ ሲሞት ያደረገለት የቀብር ሥርዓት ነው፤ እሳቱን በአፉ እፍ አለበት፣ ሬሳው ተንቀሳቀሰ። ቶሮስ ራሱ አስማት የለኝም፣ ያለኝ ጸሎት ብቻ ነው ይላል። ሜሊሳንድሬ ለጥቂት ነገር ብዙ ስትመካ፣ እሱ ለትልቁ ተአምር ምንም አይመካም። ደራሲው ሁለቱን ሆን ብለው ፊት ለፊት ያቆሟቸው ይመስለኛል።

የተአምሩን ዋጋም አትርሱ። ቤሪክ ስድስት ጊዜ ተነሥቷል፤ በተነሣ ቁጥር ግን ከራሱ ይቀነሳል። ግንብ እንደነበረውና አንዲት ሴት እንዳጨ ያውቃል፤ ግንቡን ፈልግ ቢሉት አያገኘውም፣ የሴቲቱም ጠጉር ምን ዓይነት እንደነበር አያስታውስም። በመጨረሻም እስትንፋሱን ለሞተችው የሮብ እናት ለኬትሊን ሰጥቶ ያርፋል። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው ሙት መነሣትን እንደ ተራ የጦር መሣሪያ የሚቆጥር መላምት አይጥመውም።

ጥያቄ፦ የጥንቶቹ አማልክት እነማን ናቸው? ስም የላቸውም፣ ካህን የላቸውም፣ መጽሐፍ የላቸውም። (ከጎንደር)

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ ላይ አምስተኛው መጽሐፍ ከሌሎቹ ሁሉ የጠራ ፍንጭ ይሰጣል። ባለ ራእዩ ልጅ ጆጀን ለሮብ ወንድም ለብራን ሲያስረዳው ሊቃውንቱ ነጫጮቹ ዛፎች ለጥንቶቹ አማልክት የተቀደሱ ናቸው እንደሚሉ፣ ከሰው በፊት በዌስተሮስ የኖሩት የጫካው ልጆች ግን ዛፎቹ ራሳቸው አማልክቱ ናቸው ብለው እንደሚያምኑና ከእነሱ የሚሞተው ሁሉ የዚያ መለኮት ክፍል እንደሚሆን ይነግረዋል። እንግዲህ የጥንቶቹ አማልክት የሙታን መታሰቢያ በሥርና በግንድ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆመበት ነገር ናቸው ማለት ይቻላል። የብራን አባት ኤዳርድ ስታርክ በዛፉ ፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚሰማው ጆሮ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በዛፉ ዓይን የሚያየው የገዛ ልጁ ነው። በተከታታዩ ውስጥ ልቤን ከሚነኩት ቦታዎች አንደኛው ይህ ነው፤ ልጁ አባቱን ይጠራል፣ አባትየውም የቅጠል ኮሽታ የሰማ ያህል ቀና ይላል።

ስለ ጥንቶቹ አማልክት የዋህነት የሚናገሩትን ግን አልቀበልም። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ብራን እጅግ ወደ ጥንት ተመልሶ፣ ነጭ ጠጉር ያላት ሴት የነሐስ ማጭድ ይዛ በዛፉ ሥር በተንበረከከ ምርኮኛ ላይ ስትቆም ያያል፤ የደሙም ጣዕም በአፉ ይሰማዋል። ሰሜኖቹ የብርሃን ጌታ ሰው ይቃጠልለታል ብለው ሲጸየፉ፣ የእነሱም ዛፍ ደም ጠጥቷል።

ጥያቄ፦ ብራን በዛፎቹ ዓይን እንዲያይ የበላው የዛፍ ዘር ለጥፍ የጆጀን ደም አለበት የሚባለውስ? (ከዚሁ ጠያቂ)

መልስ፦ ደራሲው እንድንጠረጥር እንደፈለጉ አያጠራጥርም። ለጥፉ ነጭ ሆኖ ቀይ ደም ሥር የሚመስል መስመር አለበት፤ ጆጀንም የሚሞትበትን ቀን አውቃለሁ የሚል ያዘነ ልጅ ነው። ግን ማንም ሲታረድ አላየንም። ለአሁኑ ጥርጣሬ እንጂ እውቀት አልለውም።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። ሰባት ፊት ያለው አንድ አምላክ የሚለው ሐሳብ በምሥጢረ ሥላሴ ላይ መዘበት አይመስልዎትም? ደግሞስ ሰባቱ ለምን እንደ ሌሎቹ ተአምር አያደርጉም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መነሻው ላይ ልክ ነህ። ማርቲን ያደጉት በካቶሊክ እምነት ነው፤ የሰባቱን እምነት የቀረጹት ከመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ከሥላሴ ትምህርት ተነሥተው እንደሆነ ተናግረዋል። መዘበት ሆኖ ግን አላገኘሁትም። በአራተኛው መጽሐፍ ባዶ እግሩን የሚዞረውን ሜሪባልድን አንብበው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ቄስ ነው፤ አህያና ውሻ አስከትሎ ከመንደር መንደር እየሄደ ድሆችን ያጽናናል። ከጦርነት ሸሽተው ወንበዴ ስለሆኑ ምስኪን ወታደሮች የሚናገረው ንግግር በአምስቱ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚዘብት ብዕር እንዲህ ዓይነት ሰው አይፈጥርም።

ተአምሩን በሚመለከት፣ የስታኒስ አገልጋይ ዳቮስ ከአንድ ጦርነት በኋላ በባሕር መካከል ባለ ቋጥኝ ላይ ተጥሎ ከሰባቱ አንዷ የሆነችውን የእናቲቱን ድምፅ ሰምቷል። ስታኒስ የሰባቱን ምስሎች አቃጥሎ ነበርና፣ ያቃጠላችሁን እናንተ ናችሁ ብላ ወቀሰችው፤ ከዚያም መርከብ መጣለት። ረኃብና ትኩሳት የወለደው ድምፅ ነው ብትል አልከራከርህም። ዳቮስ ግን ከዚያ ቋጥኝ ሌላ ሰው ሆኖ ወርዷል፤ በስታኒስ ቤት ውስጥ ሊቃጠል ለነበረው፣ አልቅቶቹ ደሙን ለጠጡት ልጅ የተከራከረውና ያስመለጠውም እሱ ነው። የሰባቱ ኃይል ካለ በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች በኩል የሚሠራ ነው ብዬ አነባለሁ።

ጥያቄ፦ ክረምቱ ለምን ዓመታት ይቆያል? የሥነ ፈለክ ምክንያት ይኖረው ይሆን? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይኖረውም። ምክንያቱ አስማታዊ እንደሆነና ወደፊት እንደሚገለጥ ደራሲው ተናግረዋል።

ጥያቄ፦ የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ስለነዚህ አማልክት ደብተር ሙሉ ይጽፋል። ወደ ጥንቆላ እንዳይመራብኝ ፈራሁ። (አንዲት እናት)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ስጋትዎን አልንቀውም። መጻሕፍቱ ግን አስማትን የሚያስተምሩ አይደሉም፤ ኃይል ፈልጎ የሌላውን ደም ያፈሰሰ ሰው በመጨረሻ ምን እንደሚከፍል ነው የሚያሳዩት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በመጻሕፍቱም በቴሌቪዥኑም ያለው ጭካኔና የወሲብ ጥቃት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይከብዳል። እንዳያነብ ከመከልከል በፊት ደብተሩን አብረውት ያንብቡ። ከየት እንዳነበበና ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ይጠይቁት፤ ማስረጃ እየፈለገ የሚጽፍ ልጅ ከሆነ ደስ ሊልዎት ይገባል።

ጥያቄ፦ እጅ እግር ያለውን መላምት ከሌለው በምን ልለይ? (ከጅማ)

መልስ፦ የኤዳርድ ዲቃላ ተብሎ ያደገውን የጆን ስኖውን ወላጆች መላምት ተመልከት። አንባቢዎች ጆን የልዑል ሬጋርና የኤዳርድ እኅት የሊያና ልጅ ነው ብለው ከመጀመሪያው መጽሐፍ መውጣት ብዙም ሳይቆዩ ደርሰውበታል፤ የቴሌቪዥኑ ድራማ ያረጋገጠው በ2016 ነው። ጠንካራ ያደረገው ኤዳርድ ስለ እኅቱ ሞት የሚያስበው፣ የገባላት ቃልና እሱ የሚያሳየው ዝምታ ሁሉ በአንድ ጊዜ መልስ ማግኘታቸው ነው። ደካማ መላምት አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይነሣና ሌሎቹን ገጾች ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ጥያቄ፦ እርስዎ ራስዎ ማንም ልብ ያላለው የሚሉት ሰው ማን ነው? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ የስታኒስ ቤት ቂል አጫዋች ፓችፌስ። በልጅነቱ የተሳፈረበት መርከብ በግንቡ ፊት ሲሰበር የስታኒስ እናትና አባት ሰጠሙ፤ እሱን ግን ባሕሩ በሦስተኛው ቀን ወደ ዳር ተፋው። ያገኘው ሰው ገላው እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ እንደነበር ምሎ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር ሥር ትርጉም የለሽ የሚመስሉ ዘፈኖች ይዘፍናል፤ አንዱ የሮብ ሞት ከመሰማቱ በፊት የተዘፈነ ሆኖ ስለ ሠርግ፣ ስለ ደምና ስለ ሰንሰለት ይናገራል። የሰጠመው አምላክ ካህናት ሰውን ውሃ ውስጥ አስጥመው ደረቱን እየተጫኑ በአፋቸው እስትንፋስ ሰጥተው ይመልሱታል፤ ያ በሰው እጅ የሚሠራ ሥርዓት ነው። ፓችፌስን ግን ማንም እስትንፋስ አልሰጠውም። ሜሊሳንድሬም በነበልባሉ ውስጥ ስታየው በዙሪያው የራስ ቅሎች ነበሩ፤ ከንፈሩም በደም ቀልቶ ነበር። ብዙ ጊዜ ያየችውን በስሕተት የምትተረጉም ሴት ናት። በዚህኛው ግን ፍርሃቷን አምናለሁ፤ ስድስተኛው መጽሐፍ በእጄ ሲገባ ቀድሜ የምፈልገውም የፓችፌስን ስም ነው።