ሮለር ኮስተር ከከፍታና ከፍጥነት በኋላ ወዴት? ጥያቄና መልስ

ኒው ጀርሲ የነበረው ኪንግዳ ካ የተባለው ሮለር ኮስተር (በመዝናኛ ፓርክ ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ ባቡር) በፌብሩዋሪ 2025 በፈንጂ ፈረሰ። 139 ሜትር ነበር፤ ለሃያ ዓመት ያህል ከሱ የሚረዝም ሮለር ኮስተር በዓለም ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ "ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ሊሠሩ ነው?" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ጥያቄያችሁን ላኩ ብዬ ነበር፤ ላካችሁ። እንግዲህ እንጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከኒው ጀርሲ)፦ ያን የሚያህል ነገር እንዴት ያፈርሱታል? ሰው እኮ ከሩቅ አገር እየመጣ ይሰለፍለት ነበር።

መልስ፦ መሰለፉንስ ተሰልፏል። ግን ሰልፍ ላይ እያለ "ለጊዜው ቆሟል" ተብሎ የተመለሰውንም ጠይቀው። ባቡሩን የሚያስወነጭፈው ሃይድሮሊክ ነበር። በግፊት የታመቀ ፈሳሽ ትልቅ ከበሮ ያሽከረክራል፣ ከበሮው ገመድ ይጠቀልላል፣ ገመዱ ባቡሩን በ3.5 ሰከንድ ውስጥ 206 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያደርሰዋል። በየጉዞው ዕቃው ሁሉ ይሰቃያል። ተሳፋሪው ደግሞ በምላሹ የሚያገኘው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ በቃ።

ዛሬ አምራቾቹ ወደ ማግኔት ዞረዋል። ማግኔቱ ባቡሩን ሳይነካው ይገፋዋል። ደግሞም መነሻው ላይ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ላይ በፈለጉበት ቦታ ይተክሉታል። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች። ኦሃዮ ያለው ቶፕ ትሪል ድራግስተር፣ የኪንግዳ ካ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ በ2024 ሃይድሮሊኩን ጥሎ በማግኔት ተመለሰ። እሱም በተከፈተ በሳምንቱ ገደማ ተዘግቶ እስከ 2025 ድረስ ቆመ። 128 ሜትር ላይ ሲወጡ ሁሉም ነገር ከባድ ነው።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ እኛ ጋ ቂዲያ ላይ የተሠራውን ፋልከንስ ፍላይት አላየህም መሰለኝ። የከፍታና የፍጥነት ሩጫው መች ቆመ?

መልስ፦ አየሁ እንጂ! 250 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ፣ ከገደል አፋፍ ቁልቁል። ቀላል አይደለም። ግን ከጀርባው የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ አለ። ተራ ፓርክ እንዲህ ያለ ኪስ የለውም።

ፊዚክሱም አያግዝም። ባቡር ከከፍታ ወርዶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲደርስ 40 ሜትር ያህል ይበቃዋል። 200 እንዲደርስ ግን 80 ሜትር አይበቃም፤ 160 ሜትር ያስፈልጋል። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ከፍታው አራት እጥፍ ይሆናል። ብረቱ፣ መሠረቱ፣ ነፋሱን መቋቋሙ ሁሉ አብሮ ይንራል። የአየሩ ግጭትም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው። አቡ ዳቢ ፎርሙላ ሮሳ ላይ የተሳፈራችሁ ታውቁታላችሁ፤ 240 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መነጽር አያሳፍሯችሁም።

ጥያቄ፦ ከፍጥነት ሌላ ምን የሚያስደስት ነገር አለ? እኔ የምሄደው ለፍጥነቱ ነው።

መልስ፦ የሚመስልህ ነው ወንድሜ። አውሮፕላን ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረርክ ቡናህን ትጠጣለህ። ሰውነት የሚሰማው ፍጥነቱን ሳይሆን ለውጡን ነው፤ መጨመሩን፣ መቀነሱን፣ መታጠፉን። ይህ ደግሞ ጣሪያ አለው።

ጥሩ ማስረጃ እዚሁ ቨርጂኒያ አለ። ኪንግስ ዶሚኒየን የሚባለው ፓርክ በ2010 ኢንቲሚዴተር 305 የተባለ ኮስተር ከፈተ። 91 ሜትር ይወርድና ወዲያው ጠበብ ባለ ኩርባ ይታጠፋል። ኩርባው ላይ ደም ወደ እግር ይሸሽና የብዙ ሰው ዓይን ይጨልም ነበር። መጀመሪያ ባቡሩን በፍሬን አዘገዩት፣ በኋላ ኩርባውን ራሱን አፍርሰው ሰፋ አድርገው ሠሩት። ገና አዲስ ሆኖ ማለት ነው! ሐዲዱ ችሎታል፤ ያልቻለው የሰው ልጅ ነው።

ይህን ቀድሞ የገባው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንገል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠሩት ሉፖች (ባቡሩን ገልብጠው የሚያዞሩት የሐዲድ ቀለበቶች) ፍጹም ክብ ስለነበሩ መግቢያቸው ላይ አንገት ይቀጩ ነበር። በ1976 ካሊፎርኒያ በተከፈተው ሬቮሉሽን ላይ ሽቴንገል ሉፑን የእንባ ጠብታ ቅርጽ ሰጠው፤ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ። ኃይሉ በአንዴ ከመምታት ይልቅ ቀስ እያለ ይመጣል። ዛሬ ኮምፒውተር ይህንን ስሌት ለእያንዳንዷ የሐዲድ ክፍል ይሠራል። የወደፊቱ ዲዛይን መነሻ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁም ነገሩ ኃይሉ በምን ቅደም ተከተል ይምጣ የሚለው ነው፤ የኃይሉ መጠን ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አሮጌ የእንጨት ኮስተር አድሰው አዲስ ያደርጉታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ሮኪ ማውንቴን ኮንስትራክሽን የሚባል የአይዳሆ ድርጅት አለ። የእንጨቱን አጽም በአብዛኛው ይተወዋል፣ በላዩ የብረት ሐዲድ ይዘረጋበታል። በ2011 ቴክሳስ ውስጥ ተጀመረ። እንጨት ላይ ብዙም የማይሞከር መገልበጥና መጠማዘዝ ሁሉ ይቻላል።

ኦሃዮ ባለው ሴዳር ፖይንት ፓርክ ውስጥ ሚን ስትሪክ የሚባል የ1991 የእንጨት ኮስተር ነበር። መንገጫገጩ ጥርስ የሚያራግፍ ተብሎ ይታማ ነበር። በ2018 ስቲል ቬንጀንስ ሆኖ ተመለሰ። 62 ሜትር ነው፤ የኪንግዳ ካ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግን ተሳፋሪው በድምሩ 27 ሰከንድ ያህል ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ክብደት አልባ ሆኖ ይሄዳል። ስንቱ ኮስተር አፍቃሪ ከዓለም አንደኛ ይለዋል።

ለእናንተ የሚቀርበው ኪንግስ ዶሚኒየን ያለው ትዊስትድ ቲምበርስ ነው፤ እሱም 2018። ሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ፓርክ በኖቬምበር 2025 ከተዘጋ በኋላ የዲሲ አካባቢ ሰው መቼም ወደዚያ መንዳቱ አልቀረለትም። የኋላውን ወንበር ያዙ፤ አፋፉ ላይ የባቡሩ ፊተኛ ክፍል ጎትቶ ነው የሚጥላችሁ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ እኛ አገር ረጅም መሥራት የሚፈቀድ አይመስለኝም። ታዲያ አልተን ታወርስ ፓርክ ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?

መልስ፦ ስላልተፈቀደለት ነዋ! እዚያ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ማለፍ ክልክል ነው። እነሱም ሽቅብ ካልተቻለ ቁልቁል አሉና ዓለቱን አፈንድተው ጉድጓድ ቆፈሩ። በ1994 ኔመሲስ ተወለደ። እግራችሁ ተንጠልጥሎ በድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ትሽቀዳደማላችሁ። ፍጥነቱ 81 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ ከዚያ በላይ ትነዳላችሁ። ግን ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ እጥፍ ይመስላል። በ2024 ሐዲዱን አድሰው እንደገና ከፈቱት፤ አቀማመጡን አልነኩትም ማለት ይቻላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚቀየር ነገር አላገኙበትም።

ጀርመን ብሩል ከተማ ያለው ፋንታዚያላንድ ፓርክም እንዲሁ ነው። ቦታው ጠባብ፣ ዙሪያው መኖሪያ ሰፈር። የ2016ቱ ታሮን የተባለው ኮስተር 30 ሜትር ብቻ ነው። ግን መሐል መንገድ ላይ ማግኔት እንደገና ያስወነጭፈዋል (ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው)፤ 117 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የራሱንና የጎረቤቱን ኮስተር የራይክን ሐዲድ 116 ጊዜ ያቋርጣል። ሁሉም በድንጋይ መንደር ውስጥ ስለተደበቀ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄዱ አታውቁም።

ጥያቄ፦ እኔ ፈሪ ነኝ፣ ልጆቼ ደግሞ ይለምኑኛል። ለእንደኔ ያለ እናት የሚሠራ ነገር የለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙው ገንዘብ የሚፈሰው ወዳንቺ ነው። ኦርላንዶ ዩኒቨርሳል በ2019 የከፈተው የሃግሪድ ሞተር ሳይክል 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ነው። ግን ሰባት ጊዜ ያስወነጭፋል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ሐዲዱ ራሱ ከነባቡሩ ይወድቃል። ቁመቱ 122 ሴንቲ ሜትር የሞላ ልጅ ይሳፈራል።

የሚወድቀው ሐዲድ በ2010 አልተን ታወርስ የተጀመረ ነው። ቨርጂኒያ ቡሽ ጋርደንስ ፓርክ ያለው ቨርቦልተንም አለው፤ የምትወድቂው 5 ሜትር ገደማ ነው፣ ጨለማ ውስጥ። እመኚኝ፣ ካልጠበቅሽው 5 ሜትር ከጠበቅሽው 50 ሜትር በላይ ያስጮሃል። የዲዝኒ ፓርክ በሆነው ኤፕኮት ያለው ኮስሚክ ሪዋይንድ (2022) ደግሞ እየሄደ መኪናዎቹን ማየት ወዳለብሽ ትዕይንት ያዞራቸዋል።

ጥያቄ፦ ቪአር መነጽርስ (ዓይን ላይ ታስሮ ምናባዊ ዓለም የሚያሳየው)? ወደፊት እሱ አይደለም?

መልስ፦ አይመስለኝም። ከ2015 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ተሞክሯል፣ አልተን ታወርስም ጋላክቲካ የተባለውን ኮስተር በ2016 በዚያ ከፍቶ በኋላ ትቶታል። እያንዳንዱን መነጽር መጥረግ፣ ማሰር፣ ማስተካከል አለ፤ ሰልፉ ይጎተታል። ደግሞ ጓደኛህ ሲጮህ ፊቱን ካላየህ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ መገልበጥና መውደቅ አደጋውን አያበዛም?

መልስ፦ ባቡሩ ሐዲዱን በሦስት በኩል በጎማ ነው የጨበጠው፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር። ተገለበጠም አልተገለበጠ አይለቅም። መንገዱም በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ ፊት ያለው ባቡር ክፍሉን ካልለቀቀ ኮምፒውተሩ የኋላውን አያሳልፍም። የማግኔት ፍሬን ደግሞ መብራት ቢጠፋም ይይዛል። እኔን የሚያሳስበኝ የዕለት ፍተሻው ነው። በየጠዋቱ በእጅ የሚነካካው መካኒክ ሲሰንፍ ምንም ዲዛይን አያድንም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እዚህ እውነተኛ ሮለር ኮስተር ይሠራ ቢባል ምን ትመክራለህ?

መልስ፦ የከተማው ከፍታ ትንሽ ያግዛል። አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ባቡሩ በአየር ግጭት የሚያጣው ጉልበት ይቀንሳል። ከፍታ ግን አታሳዱ። የአዲስ አበባ መሬት ራሱ ተዳፋትና ገደላገደል ነው፤ ከ15 ሜትር ያልበለጠ የቤተሰብ ኮስተር ወንዝ ዳር በዛፍ መሐል ቢዘረጋ እንደ ኔመሲስ ቦታው ራሱ ይሠራለታል። ማስወንጨፊያ ማግኔቱን ተዉት፤ ኃይለኛና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል። በሰንሰለት ሽቅብ ተጎትቶ በራሱ ክብደት የሚወርደው ይበቃል። እንደ ጣሊያኑ ዛምፔርላ ያሉ አምራቾች እንዲህ ያለውን ይሠራሉ። ያገለገለም ገበያ ላይ አለ፤ ግን ከነጥገና ሰነዱና ከነመለዋወጫው ካልሆነ እንዳትገዙ።