በዋልካ ማሳ የአፈር ሙቀት መለካት

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ ደምቢያ ውስጥ በሽምብራ ማሳ ላይ የአፈር ሙቀት እለካለሁ። መሬቱ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው። ሁለት ሴንሰሮች አንድ ሜትር አራርቄ በ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቀብሬያለሁ። ጥቅምት ላይ ንባባቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ኅዳር ከገባ ወዲህ ግን እኩለ ቀን ላይ እስከ 6 ዲግሪ ይለያያሉ። የተበላሸው የትኛው ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኛ የምንጠረጥረው ንቃቃቱን ነው። ዋልካ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሴንሰሩ አጠገብ ካለፈ የሚለኩት በውስጡ የገባውን አየር ነው። ጥቅምት ላይ መሬቱ ገና እርጥብ ነበር።

ከመቆፈርዎ በፊት መዝገብዎን ይመልከቱ። አንደኛው ሴንሰር ቀን ላይ ከሌላው የሚሞቅ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጥፋቱ የአቀባበር ነው፤ ወይ ንቃቃት አግኝቶታል፣ ወይ ጥልቀቱ አንሷል። ቀንም ሌሊትም እኩል ወደ አንድ ወገን ካደላ ግን ሴንሰሩ ራሱ ነው። ሰዓቱም ይመሰክራል፦ የአፈሩ ገጽ 7 ሰዓት አካባቢ ቢግል፣ 10 ሳንቲሜትር ላይ ሙቀቱ ጣሪያ የሚነካው 10 ወይም 11 ሰዓት ገደማ ነው። ከገጹ እኩል የሚግል ሴንሰር በትክክል አልተቀበረም።

ሴንሰሮቹን ለመፈተሽ ፔርሙስ ውስጥ የተፈጨ በረዶ ሞልተው፣ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩና እያማሰሉ 10 ደቂቃ ያቆዩዋቸው። 0 ማንበብ አለባቸው፤ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሴንሰር ዓይነት ከሆኑ የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ያለ ነው። በፈላ ውሃ አይፈትሹ፤ በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ እንጂ 100 ላይ አይደለም።

መልሰው ሲቀብሩ ከላይ ወደ ታች አይውጉት፤ ብረቱ የገጹን ሙቀት ያወርዳል፣ ውሃም ይከተለዋል። ጎን ለጎን ጉድጓድ ቆፍረው፣ ባልተነካው ግድግዳ ላይ ጥልቀቱን በማስመሪያ ይለኩ፤ የ2 ሳንቲሜትር ስሕተት ብቻውን ከ1 ዲግሪ በላይ ያዛባል። ከሴንሰሩ ትንሽ በቀጠነ ሚስማር ቀዳዳ አበጅተው አግድም ያስገቡት። ሽቦውን ግማሽ ሜትር ያህል በዚያው ጥልቀት ያስኪዱ። አፈሩን በወጣበት ተራ መልሰው ይጠቅጥቁ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ንባብም አይቁጠሩ።

ስንጥቁን በአፈር መድፈን አይረዳም፤ ያው መልሶ ይከፈታል። ከስንጥቁ ራቅ ያድርጉትና ርቀቱን በየሳምንቱ ይመዝግቡ። ዋልካ ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር ጥልቀቱንም ቢያንስ ከዝናብ በኋላ እንደገና ይለኩ።