ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒውተርና እምቢ ያለ ብራውዘር

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ባለ 2 ጊጋ ራም ዴስክቶፕ አለኝ። የትኛውንም ገጽ ስከፍት ብራውዘሩ «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» (ግንኙነትዎ የተጠበቀ አይደለም) ይለኛል። አጥፍቼ እንደገና ብጭነውም ያው ነው። ሰዓቱንም ባስተካክለው በማግስቱ ወደ ድሮው ይመለሳል። በስልኬ ኢንተርኔቱ ደህና ይሠራል። ፎርማት ላስደርገው?

መልስ፦ ፎርማት አያስደርጉት፤ ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብራውዘሩ ይህን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተርዎ ቀን ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ዛሬን በፈረንጆች 2009 ካለ፣ ሰርተፊኬቱ ገና ሥራ ያልጀመረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይዘጋል። ብራውዘሩን አሥር ጊዜ ቢጭኑት ቀኑ አይስተካከልም።

ቀኑን ሲሞሉ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይሙሉ። በእኛው ከሞሉት 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህ ብቻውን ገጾቹን ሁሉ ሊያዘጋ ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9፡00 ኤኤም ነው። ታይም ዞኑን ናይሮቢ ያለበት ፕላስ 3 ላይ ያድርጉት።

በማግስቱ የሚመለሰው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባትሪ ስላለቀ ነው። ሳንቲም የሚያክል፣ ሲአር 2032 የሚባል፣ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። መልቲሜትር ካለዎት ይለኩት፤ ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነ አልቋል።

ከመቀየርዎ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው (ብዙውን ጊዜ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ በመጫን) ገጾቹን በስልክ ፎቶ ያንሡ። ይህን አይዝለሉት። ባትሪው ሲወጣ ቅንብሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ሊመለስ ይችላል፤ የሳታ ሞዱ (ማዘርቦርዱ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ከተቀየረ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አይነሣም። ብዙ ሰው ያኔ ሃርድ ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል። በፎቶው መሠረት ወደነበረበት መመለስ ይበቃል።

ከዚያ ያጥፉት፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ። የጎን ሽፋኑን ከፍተው የኬዙን ብረት ይንኩ። የባትሪውን መያዣ ምላስ በቀስታ ሲገፉ አሮጌው ብድግ ይላል፤ አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። ባዮስ ላይ ቀኑን ሞልተው ሴቭ አድርገው ይውጡ።

ጥያቄ፦ የኔ ሰዓት ትክክል ነው፤ ግን አንዳንድ ገጽ ባዶ ይሆናል፣ አንዳንዱም ይዘጋል። ዊንዶውስ 7 ነው።

መልስ፦ ብራውዘሩ አርጅቷል። ለዊንዶውስ 7 የወጣው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ በፈረንጆች ከ2023 የካቲት ወዲህ የመጡት አይጫኑበትም። በርካታ ገጾች ይጠቀሙበት የነበረው አንድ ዋና ሰርተፊኬትም በፈረንጆች መስከረም 2021 መጨረሻ ላይ ጊዜው አልፏል፤ ለዓመታት አፕዴት ያላገኘ ዊንዶውስ ተተኪውን ላያውቀው ይችላል። ፋየርፎክስ የራሱን የሰርተፊኬት ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአርን (ረዘም ላለ ጊዜ ድጋፍ የሚያገኘውን እትም) ይጫኑ፤ ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው እሱ ነው። አሮጌውን ከማጥፋትዎ በፊት ቡክማርክዎን ኤክስፖርት ያድርጉ፤ የይለፍ ቃሎችዎን ወረቀት ላይ ይጻፉ። የባንክ ሥራ ግን በዚህ ኮምፒውተር አይሥሩ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ከሆነና ራሙን 4 ጊጋ ካደረሱት፣ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ጭነው አዲሱን ብራውዘር ያገኛሉ።